በራሳችን ታሪክ ውስጥ የእግዚአብሔርን ዓላማ ስንፈልግ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ጌታ በኔ ሕይወት ምን እየሰራ ነው?" ብሎ የማይጠይቅ አማኝ ያለ አይመስለኝም፣ በተለይ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ፣ ወይ አረብ አገር ብዙ ዓመት ለፍታ ባዶ እጇን የተመለሰች እህት፣ ወይ ደሞ ትዳሩ ፈርሶ ከዜሮ የጀመረ ሰው። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን መልሱን የምንፈልግበት መንገድ ራሱ ብዙ ሰው ሲያቆስል አይቻለሁ፣ ከቤተክርስቲያን የቀሩም አሉ፣ ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

1. ትርጉሙን ዛሬውኑ ካላገኘሁ ማለት

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው። ሰው ከስራ በተባረረ በሳምንቱ "የተሻለ ስለተዘጋጀልኝ ነው" ብሎ ስታተስ ላይ ይለጥፋል፣ ለቅሶ ቤት ደሞ ልጇን ቀብራ የመጣች እናት ፊት ተቀምጠን "እግዚአብሔር ስለወደደው ነው የወሰደው" እንላለን። ማን ነገረን? ልባችን ደህና ነው፣ ዝምታውን ስለማንችለው ነው እንጂ።

ሁላችንም የምንጠቅሰውን ዮሴፍን እንየው። የ17 ዓመት ልጅ እያለ ነው ወንድሞቹ በ20 ብር የሸጡት፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ከዛ 7 የጥጋብ ዓመት አለፈ፣ ረሃቡም 2 ዓመት ከያዘ በኋላ ነው ለወንድሞቹ "ሕይወትን ለማዳን እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ልኮኛል" ያላቸው። ደምሩት፣ ወደ 22 ዓመት ነው። እኛ ግን ያቺን አረፍተ ነገር በ22 ቀን ልንላት እንፈልጋለን።

ደሞ እስር ቤት ሆኖ ምን እንዳለ አይታችኋል? ዘፍጥረት 40 ላይ አብሮት ለታሰረው የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ታሪኩን ሲነግረው ስለ ዓላማ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዕብራውያን አገር ተሰርቄ መጣሁ፣ እዚህም ያሰረኝ ጥፋት የለም፣ እባክህ አስበኝ፣ ይሄው ነው። ሰውየው ደሞ 2 ዓመት ሙሉ ረሳው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን "እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር ነበረ" ይላል ቃሉ፣ ማለትም ትርጉሙ ሳይገባውም ጌታ አብሮት ነበር። እሱ ካልበቃችሁ ኢዮብን አንብቡ፣ ምዕራፍ 1 ላይ ስለ መከራው በሰማይ የተነገረውን ነገር እኛ አንባቢዎቹ እናውቀዋለን፣ ለኢዮብ ግን እንደተነገረው መጽሐፉ እስኪያልቅ የትም አልተጻፈም። ስለዚህ "ለምን እንደሆነ አላውቅም ግን እጄን ይዞኛል" ማለት ሙሉ እምነት ነው፣ ግማሽ አደለም።

2. በደልን የእግዚአብሔር ስራ ማድረግ

ዮሴፍ ዘፍጥረት 50:20 ላይ "እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ" ካለ በኋላ ነው "እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው" ያለው። የመጀመሪያውን ዘሎ ሁለተኛውን ብቻ የሚሰብክ ሰው ጥቅሱን ቆርጦታል። ክፉው ክፉ ነው። አሰሪዋ የደበደባትን፣ ደሞዟን የበላባትን፣ ወይ በዘመዷ የተደፈረችን ልጅ "ለበጎ ነው፣ ጌታ በዚህ ሊያሳልፍሽ ፈልጎ ነው" ስንላት እኮ እግዚአብሔርን የበዳዩ ተባባሪ አድርገን እያቀረብንላት ነው፣ ከዛ በኋላ እንዴት ብላ ወደሱ ትጸልይ? እግዚአብሔር ከጥፋት ውስጥ መልካም ነገር ያወጣል፣ አምናለሁ፣ በሙሉ ልቤ። ያንን የምትናገረው ግን ራሷ ናት፣ በራሷ ጊዜ፣ ካልፈለገችም አለመናገር መብቷ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ዮሴፍ ወንድሞቹ እንደመጡ ሮጦ አላቀፋቸውም፣ መጀመሪያ ፈተናቸው፣ ከወንድሞቹ አንዱ ይሁዳ በታናሻቸው በብንያም ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን ሲል ከሰማ በኋላ ነው ራሱን የገለጠው። ይቅርታ ማለት ወደ ሚመታህ ሰው ቤት መመለስ አይደለም። አሁንም እየተደበደባችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ከዛ ቤት ውጡ፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ፖሊስም ጋ ሂዱ፣ ስለ ዓላማ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

3. ኤርምያስ 29:11ን ብቻውን መያዝ

"ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" የምትለዋ ጥቅስ ግድግዳ ላይ፣ ካላንደር ላይ፣ ፕሮፋይል ላይ አለች፣ እኔም እወዳታለሁ። ግን ደብዳቤ ውስጥ ያለች ናት፣ ንጉሥ ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን ማርኮ ለወሰዳቸው ሰዎች ነቢዩ ኤርምያስ የጻፈው ደብዳቤ፣ ከፍ ብላ ያለችው ቁጥር 10 ደሞ የምትመለሱት ከ70 ዓመት በኋላ ነው ትላለች። ደብዳቤው ሲነበብ ትልቅ ሰው የነበረ አብዛኛው መመለሱን በዓይኑ አያየውም ማለት ነው። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በ2 ዓመት ውስጥ ሁሉ ነገር ይመለሳል ብሎ ሕዝብ ፊት ተንብዮ ነበር፣ ሐሰት ነበር፣ በዚያው ዓመት ሞተ። ዛሬም "በዚህ ወር ቪዛሽ ይወጣል፣ ትዳር ይመጣልሻል" የሚል አይጠፋም፣ ቀኑ ሲያልፍ የሚሰበረው ግን ተናጋሪው ሳይሆን የሰማችው ናት። ኤርምያስ ያላቸው ቤት ስሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ተጋቡ፣ ላላችሁበት ከተማ ሰላም ጸልዩ ነው። ሪያድም ሆናችሁ ቤይሩት ወይ ዲሲ "እውነተኛው ሕይወቴ አገሬ ስገባ ይጀምራል" ብላችሁ ዓመታቱን አትዝለሏቸው፣ እነሱም የታሪካችሁ ገጾች ናቸው።

4. ዓላማ ማለት መድረክ ይመስለናል

ማይክ ያልያዘ፣ አልበም ያላወጣ፣ ሚኒስትሪ ያልከፈተ ሰው ዓላማውን እንዳላገኘ እናያለን፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ጣቢታ የምትባል አማኝ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነው። ስብከቷ አልተጻፈም፣ ልብሱ ግን ተጽፏል።

የኛው አገር ሰው ኦኔሲሞስ ነሲብም አለ። ልጅ እያለ በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ምፅዋ ደረሰ፣ በ1870 እ.ኤ.አ. ነጻ ወጣ፣ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። ከዛ ወደ ኦሮሞ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌል ሊሰብክ ተነሳ፣ በሱዳን በኩል ሞከረ፣ መንገዱ አልሆነም፣ ቆይቶ እንደገና ሞከረ፣ አሁንም አልሆነም። በዛ በተዘጋበት ጊዜ ኤርትራ ምድር ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዘ፣ እንደሱ ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖም አብራው ሰርታለች። አዲስ ኪዳን በ1893 ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 ታተመ፣ እሱ ነቀምት የገባው በ1904 ነው። ሲመኘው የነበረው መንገድ ተዘግቶ የቆየበት ዘመን ነው ትልቁ ስራው የተሰራበት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ቃል በቃል። ይሄን ስል ግን ባርነቱ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፣ ተራ ቁጥር 2ን አስታውሱ።

5. "እኔ ምስክርነት የለኝም" ማለት

ከሱስ አልወጣሁም፣ ከሞት አልተረፍኩም፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት የሚሉ ልጆች አሉ፣ ታሪካቸው ባዶ ይመስላቸዋል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ እምነትህ አስቀድሞ በአያትህ በሎይድ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል፣ በቃ፣ ይሄም ታሪክ ነው። ለማሳመር ብላችሁ ያልነበረ ጨለማ አትጨምሩበት።

6. ታሪክን ብቻን ማንበብ

ኑኃሚን ከሞዓብ ስትመለስ ባሏንም ሁለት ልጆቿንም ቀብራ ነበር፣ ለቤተልሔም ሴቶች "ማራ (መራራ ማለት ነው) በሉኝ፣ በሙላት ወጣሁ ባዶዬን መለሰኝ" አለቻቸው። ሐዘኗ እውነት ነው፣ መጽሐፍ ቅዱስም አልገሰጻትም። ግን ባዶ ነኝ ስትል ምራቷ ሩት አጠገቧ ቆማለች! ኋላ ላይ እነዛው ሴቶች ናቸው "ከሰባት ወንዶች ልጆች የምትሻልሽ" ብለው ስለ ሩት የነገሯት። የተጎዳ ሰው አጠገቡ ያለውን ላያይ ይችላል፣ ጎረቤት ያየዋል።

ስለዚህ ደብተር ይዛችሁ ክፍላችሁን ዘግታችሁ ብቻ አትቀመጡ። ልጅነታችሁን የሚያውቅ አንድ ሰው፣ በመንፈሳዊ ሕይወት የሚቀድማችሁ አንድ ሰው፣ እና ደፍሮ እውነቱን የሚነግራችሁ ጓደኛ ምረጡ፣ ለየብቻ ቡና ጋብዟቸውና "እኔ ምን ሳደርግ ነው ሰው የሚጠቀመው? ምን ውስጥ ስሆን ነው የምደርቀው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሲመልሱላችሁ አትከራከሩ፣ መጀመሪያ ጻፉት፣ ጸልዩበት፣ ከወራት በኋላ እንደገና አንብቡት። ሦስቱም ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ካሉ፣ በዛ ሳምንት እሱን በትንሹም ቢሆን መስራት ጀምሩ።