ሻጩ «አምራቹን ጠይቅ» ሲለኝ ገንዘቤን ያስመለስኩበት መንገድ

በኢንተርኔት የገዛሁት የጆሮ ማዳመጫ በግራ በኩል ድምፁ ይቆራረጣል። ሻጩ «ዋስትናው የአምራቹ ነው፣ እነሱን አናግር» ብሎ ሊሸኘኝ ሞከረ። ይህ መልስ ስንቱን ሰው ተስፋ አስቆርጦ አስቀርቷል! ገንዘቡን የተቀበለው ሻጩ ነው። በብዙ አገሮች ሕግም ለተበላሸ ዕቃ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። የአምራቹ ዋስትና በዚያ ላይ የሚጨመር እንጂ ሻጩን ነፃ የሚያወጣ አይደለም።

ስልክ መደወሉን ትቼ በጽሑፍ ጠየቅሁ። አንድ ቪዲዮ ሳላቋርጥ ቀረጽኩ፦ የሳጥኑን መለያ ቁጥር፣ ማዳመጫው ላይ ያለውን ያንኑ ቁጥር፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ግራው አስጠግቼ ድምፁ እልም ሲል። ደረሰኙን አያያዝኩና «ዕቃው ጉድለት አለበት፤ ሐሳቤን ቀይሬ አይደለም» አልኩ። ይህቺን መጻፍ የግድ ነው። ሐሳቡን የቀየረ ገዢ የመመለሻውን ማጓጓዣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይከፍላል፤ ጉድለት ሲሆን ግን ወጪው ባብዛኛው የሻጩ ነው።

መልስ የምጠብቅበትን ቀን ቆርጬ፣ ካለፈ በካርድ የከፈልኩትን እንዲያስመልስልኝ ለባንኬ እንደማመለክት ገለጽኩ። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለዚህ ያለው ጊዜ ባብዛኛው 120 ቀን ነው፤ ሻጩ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ እንዳያሳልፍባችሁ።

ሻጩ ዕቃው ላይ ለጥፌ የምመልስበትን ወረቀት ላከልኝ። ዕቃው ሲደርሰው ሙሉ ገንዘቡ ከነማጓጓዣው ገባልኝ።