ጅማ ላይ የካንሰር ባዮሎጂ ማስተርስ ለጀመራችሁ፦ ምን እንማር?

መጀመሪያ ፓቶሎጂ (በሽታ ከቲሹ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) ሂዱ። እውነቴን ነው፣ ከየትኛውም ሌክቸር በፊት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለው፤ ይህን ዕድል አታባክኑት። አስፈቅዳችሁ ከፓቶሎጂስት ጋር ስላይድ እዩ። ጤነኛው ቲሹ ምን እንደሚመስል ሳታውቁ ዕጢውን አትለዩትም። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ስለሆኑ ከእነሱ ጀምሩ።

ከዚያ ጂኖቹ። ስም መሸምደድ የትም አያደርስም፤ ስለ እያንዳንዱ ጂን "ሲበላሽ ምን ይፈጠራል?" ብላችሁ ጠይቁ። የማህፀን በር ካንሰርን ውሰዱ፦ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ 16 እና 18 ዓይነቶች ብቻቸውን ከበሽታው 70 በመቶ ያህሉን ያስከትላሉ፣ ቫይረሱ ኢ6 በሚባል ፕሮቲን የሕዋስ መባዛትን የሚገታውን ፒ53 የሚባል ፕሮቲን ያስፈርሳል፣ በኢ7 ደግሞ ሌላውን ገቺ ፕሮቲን፣ አርቢን፣ ከሥራ ውጭ ያደርጋል፣ ሕዋሱም ፍሬን እንደተበጠሰበት መኪና ዝም ብሎ መባዛቱን ይቀጥላል። ይህ በደንብ ከገባችሁ የሕዋስ ዑደቱም፣ አፖፕቶሲሱም (ሕዋስ ራሱን የሚያጠፋበት ሂደት)፣ የኤችፒቪ ክትባት ካንሰሩን ለምን እንደሚከላከልም አብሮ ይገባችኋል።

ሴል ላይን (ላብ ውስጥ እየተባዛ የሚቆይ የሕዋስ ዘር) ከሌላ ተመራማሪ ከተቀበላችሁ ማንነቱን አስመርምሩ። በሄላ ሴል (ከማህፀን በር ካንሰር የተገኘ የታወቀ ሴል ላይን) ተበክሎ የተገኘ ብዙ ነው።

ስታቲስቲክስን አትሽሹ። አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ሪኤጀንት አልቆ ላብ ሲቆም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ፤ ሲባዮፖርታል (cBioPortal) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የብዙ ሺህ ታካሚዎች የዕጢ ጂኖም መረጃ በነፃ አለ። ኢንተርኔቱ ሲሻል አውርዱና የካፕላን-ማየር ግራፍ (ከጊዜ ጋር ስንት ታካሚ በሕይወት እንደሚቆይ የሚያሳይ) ሥሩ። ግን አብዛኛው መረጃ የአውሮፓ የዘር ግንድ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ስለሆነ ለእኛም ሰው እንዳለ ይሠራል ብላችሁ አትደምድሙ። ለቴሲስ የሚሆን ጥሩ ጥያቄ የምታገኙት እዚህ ጋ ነው።