ትልቅ ጥምር ቁጥርን የመመርመሪያ መንገድ፦ 1,234,567,890 እንደ ማሳያ

ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ሲባል፣ ሌላ አካፋይ ያለው ደግሞ ጥምር ቁጥር ይባላል። የአንድ ጥምር ቁጥር አካፋዮች ስንት እንደሆኑ፣ ድምራቸው ምን ያህል እንደሚሆን፣ ከእሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ስንት እንደሆኑ የሚታወቀው ከብቸኛ አካፋዮቹ ስለሆነ፣ ምርመራው የሚጀምረው ቁጥሩን በመተንተን ነው። ለማሳያ 1,234,567,890ን እንውሰድ።

በቅድሚያ ትንንሾቹን አካፋዮች እናውጣ። ቁጥሩ በ0 ስለሚያልቅ ለ2 እና ለ5 ይካፈላል፤ የአሃዞቹ ድምር 45 በመሆኑም ለ9 ይካፈላል። ለ90 ስናካፍለው 13,717,421 እናገኛለን። የዚህ ቁጥር የአሃዞች ድምር 26 ስለሆነ ከእንግዲህ ለ3 አይካፈልም፤ በ1 ስለሚያልቅም 2 እና 5 ተሟጠው ወጥተዋል። ይህ ማጣሪያ ሊታለፍ አይገባም፤ አንድ 3 ከተረሳ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ ይበላሻል።

አስቸጋሪው ክፍል የቀረው 13,717,421 ነው። ከ7 ጀምረን ብቸኛ ቁጥሮችን በየተራ ብንሞክር የመጀመሪያውን አካፋይ ለማግኘት 500 ያህል ማካፈል ይጠብቀናል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ያመለከተው መንገድ ግን እዚህ ላይ እጅግ ያማረ ነው። ሐሳቡ ጎዶሎውን ቁጥር የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት አድርጎ መጻፍ ነው፤ ይህ ከተሳካ የሁለቱ መሠረቶች ልዩነትና ድምር አካፋዮች ይሆናሉ። የቁጥራችን ዳግም ዘር 3,703.7 ገደማ ስለሆነ ከ3,704 እንጀምራለን። 3,704 በራሱ ሲባዛ 13,719,616 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ቁጥራችንን ስንቀንስ 2,195 ይተርፋል፤ ይህም በ46 እና በ47 ዳግም ርቢዎች፣ ማለትም በ2,116 እና በ2,209 መካከል ስለሚወድቅ አይሆንም። 3,705 በራሱ ሲባዛ ግን 13,727,025 ይሆናል፤ ልዩነቱም 9,604፣ ማለትም 98 × 98 ነው። ስለዚህ አካፋዮቹ 3,705 − 98 = 3,607 እና 3,705 + 98 = 3,803 ናቸው። ሁለቱም ብቸኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ የመጀመሪያውን እስከ 59፣ ሁለተኛውን እስከ 61 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መፈተን ይበቃል።

መንገዱ በሁለት እርምጃ ያደረሰን አካፋዮቹ ስለተቀራረቡ ብቻ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮንሃርድ ኦይለር በ1732 የተነተነው 4,294,967,297 ከ641 እና ከ6,700,417 የተሠራ ስለሆነ በዚሁ ዘዴ ከ3 ሚሊዮን በላይ እርምጃ ይጠይቃል፤ በተራ ማካፈል ግን 641 ላይ የሚደረሰው በ116ኛው ብቸኛ ቁጥር ነው። በመሆኑም በማናውቀው ቁጥር ላይ ሁለቱንም መንገዶች በጥቂት በጥቂቱ መሞከር ይሻላል። መልእክትን በምስጢር ለመለዋወጥ የሚያገለግለውን፣ የሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ብዜት የሚጠቀመውን የአርኤስኤ (RSA) ዘዴ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚያዘጋጁ ሰዎችም የሚባዙት ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች እርስ በርስ እንዳይቀራረቡ የሚጠነቀቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ትንተናው 2 × 3² × 5 × 3,607 × 3,803 ሆኗል፤ የቀረው ቀላል ነው። በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 እየደመርን ስናባዛ 2 × 3 × 2 × 2 × 2 = 48 አካፋዮች እናገኛለን። ድምራቸው (1+2) × (1+3+9) × (1+5) × (1+3,607) × (1+3,803)፣ ማለትም 3,211,610,688 ነው። ቁጥሩን ራሱን ስናወጣ የሚተርፈው 1,977,042,798 ከቁጥሩ ይበልጣል፤ ይህም ከ6 የሚበልጥ ማንኛውም የ6 ብዜት የሚጋራው ባሕርይ ነው፤ ግማሹ፣ ሲሶውና አንድ ስድስተኛው ብቻ ተደምረው ቁጥሩን ይሞላሉ፣ 1 ደግሞ በላዩ ይጨመራል። በመጨረሻም፣ ከ1 እስከ 1,234,567,890 ካሉት መካከል ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 1 × 6 × 4 × 3,606 × 3,802 = 329,040,288 ቁጥሮች ናቸው።