ባትሪው አልሞተም፣ ዳዶው ነው

ባለፈው ኅዳር ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ቆሎ ልገዛ ደብረ ሲና ላይ ቆምኩ። ቆሎዬን ይዤ የእስታርት ቁልፉን ስጫን ሞተር ሳይክሌ «ጠቅ» አለና ዝም። መብራቱም አብሮ ድርግም። እንደምንም ረግጬ አስነሳሁትና የጣርማ በርን ዳገት በጉም ውስጥ ወጣሁት። በማግስቱ አንድ ሱቅ «ባትሪው ሞቷል» ብሎኝ አዲስ ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ያው «ጠቅ» ተመልሶ መጣ።

ጥፋቱ የባትሪው አልነበረም። ሽቦው ከባትሪው ጋር የሚታሰርበት ቦታ፣ ዳዶው (ቡሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ብረት) ጋ ላልቶ ነበር። እናንተም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ከዚያ ጀምሩ።

«ጠቅ» ይላል፣ መብራቱም አብሮ ይጠፋል

የዳሽቦርድ መብራት ትንሽ ከረንት ይበቃዋል። ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ግን ብዙ ይስባል። ሽቦው የባትሪውን ጫፍ ለአመል ያህል ብቻ ከነካ አምፖሉ ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም። ለዚህ ነው «መብራት አለ፣ ስለዚህ ግንኙነቱ ደህና ነው» የሚለው ነገር ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካላችሁ አንዱን ጫፍ ራሱ የባትሪው የእርሳስ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን እዚያው የታሰረው የሽቦው ብረት ላይ አድርጉ። ሌላ ሰው እስታርት ይጫን። ጤነኛ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ያሳያል። ግማሽ ቮልት ካሳየ ጉልበቱ እዚያች መጋጠሚያ ላይ እየቀረ ነው። ቴስተር ከሌለ ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩና ጫፎቹን በጣት ዳስሱ። የሞቀው እሱ ነው ሌባው።

ስትፈቱ ኔጌቲቩን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ፖዘቲቩን አስቀድሙ። ፖዘቲቩን የያዘው መፍቻ ሻንሲውን (የሞተሩን አካል ብረት) ቢነካ፣ ኔጌቲቩ ከተፈታ ምንም አይሆንም። ካልተፈታ ግን እሳት ይረጫል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውኃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት። ድብልቁ ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይዘጉ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ፣ ማድረቅ፣ ማጥበቅ። ቫዝሊን የሚቀባው ከጠበቀ በኋላ ነው፣ ከላይ ብቻ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ። የሞተር ባትሪ ጫፍ ውስጥ አራት ማዕዘን ዳዶ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። ቡሎኑን ስታስገቡ ዳዶው ወደ ታች ይሸሻል፤ ቡሎኑ አንድ ሁለት ጥርስ ብቻ ይይዝና የጠበቀ ይመስላል። መፍትሄው አስቂኝ ነው። ከዳዶው ሥር ትንሽ ስፖንጅ ወይም የጎማ ቁራጭ ሸጉጡ፣ ዳዶው ከፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። ቡሎኑ አጭር ከሆነ ደግሞ የሚደርስ ፈልጉ። ሮንዴላ እየደራረቡ ማታለል አይሠራም።

ኮረኮንች ላይ ሁሉም ነገር ብልጭ ድርግም ይላል

መጀመሪያ ባትሪውን የሚይዘው ላስቲክ አለ ወይ? መንዝ ውስጥ ድንጋይ ላይ ስትነዱ ባትሪው ከዘለለ የትኛውም ቡሎን መላላቱ አይቀርም። ቀጥሎ ኔጌቲቩ ሽቦ ከሻንሲው የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ቀለም ወይም ዝገት ከሥሩ ካለ ፍቃችሁ እሰሩት። የፊውዝ ቤቱም ይላላል። ፊውዙ ከተቃጠለ በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያለውን ተኩበት። የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የጠቀለለ ሰው ቀጥሎ የሚያቃጥለው ሽቦውን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ባትሪው ተፈትቶ በእርግጫ አስነስቶ መንዳት ይቅርባችሁ። ባትሪው ቮልቱን ያረጋጋል፤ እሱ ሳይኖር አምፖል ሊበላ ይችላል።

ጠዋት እምቢ፣ ረፋድ ላይ እሺ

ይህ የደብረ ብርሃን በሽታ ነው። በውርጭ ሌሊት ባትሪው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ዘይቱም ይወፍራል። ያንኑ ሞተር ሸዋ ሮቢት ብታወርዱት ምንም እንዳልነካው ይነሳል። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ባትሪውን በቴስተር ለኩ። 12.6 ቮልት እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ቻርጅ ይፈልጋል። 12 አካባቢ ከሆነ ቻርጁ ሊያልቅ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ነዳጅ ጨመር አድርጉ። ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ የቻርጅ መሥመሩ ነው የሚታየው። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚገድበው) ባትሪውን እያፈላው ነው።

መለዋወጫው የት ይቀመጥ?

ያ «ሞቷል» የተባለው ባትሪዬ ዛሬም ቤቴ አለ፤ መለዋወጫ ሆኗል። ብርድ ለማስነሳት ጠላት ነው፣ ለማስቀመጥ ግን ወዳጅ። ባትሪ ሳይነካም ቻርጁ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል። ስለዚህ ደጋ ቤት ውስጥ ጥላ ያለው መደርደሪያ ይመቸዋል። ቆላ ላይ ቆርቆሮ ሥር ካስቀመጣችሁት ቶሎ ቶሎ ማየት አለባችሁ። ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይሞታል የሚባለው ለዛሬዎቹ የፕላስቲክ ባትሪዎች አይሠራም።

ሙሉ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ባዶውን የተቀመጠ ባትሪ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርባቸዋል፣ ከዚያ ቻርጅም አይመልሰው። በብርቱ ውርጭም በረዶ ሊሠራ የሚችለው ባዶው ነው። እኔ በየወሩ እለካዋለሁ፣ 12.4 ሲደርስ ቻርጅ አደርገዋለሁ። 5 አምፒር ሰዓት ለሆነ ባትሪ ግማሽ አምፒር ይበቃል። ቻርጅ ቤት ከወሰዳችሁት ከአይሱዙ ባትሪ ጋር አብሮ እንዳይቀጠል ንገሯቸው።

ምድጃ አጠገብ አይሁን፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። ጤፍ ካለበት ጎተራም ይራቅ፣ አሲዱ አይታመንም። ክዳን ያለው ዓይነት ከሆነ የሚጨመርበት የባትሪ ውኃ (የተጣራው፣ አሲድ ያልሆነው) ብቻ ነው፣ እስከ ላይኛው መሥመር። የምንጭ ውኃ ለሰው እንጂ ለባትሪ አይሆንም። በመንገድ ስትይዙት ፖዘቲቩን በከመነዳሪ ቁራጭ ሸፍኑና ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከፒንሳ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይሁን።

አዲስ መለዋወጫ የምትገዙ ከሆነ አሲድ ያልገባበትን፣ ማሸጊያው ያልተከፈተውን ጠይቁ። እሱ ደረቅ ቦታ ላይ ብዙ ይቆያል። አሲዱን የምትሞሉት በምትፈልጉት ቀን ነው፣ ከሞላችሁ በኋላም ቻርጅ አድርጋችሁ ነው የምትጠቀሙበት። እኔ ግን ሁለቱንም ሞልቼ ጨርሻለሁ። ስለዚህ በየሦስት ወሩ አቀያይራቸዋለሁ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው መደርደሪያ ላይ ያርፋል። በቀየርኩ ቁጥርም ስፖንጇ ከዳዶው ሥር መኖሯን አያለሁ።