ጠመንጃ ይዛችሁ ስትወጡ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ካስቆማችሁ

ከደሴም ከኮምቦልቻም መሣሪያ አንግታችሁ ወደ ገጠር ለምትወጡ ወንድሞች፦ የመሣሪያ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም። በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያገኛችሁት ወረቀት መሣሪያውን እንድትይዙ ብቻ ነው። ለአደን በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቦረና ሳይንት ፓርክ ውስጥማ ጨርሶ አታስቡት፤ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው፣ የእኛው የወሎ ሀብት።

ስካውት "ቁም!" ሲላችሁ ባላችሁበት ቁሙ። ሰላምታውን እናንተ ቀድማችሁ ስጡ፣ ጣታችሁን ከቃታው አርቁ፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ "ወረቀቱ ደረት ኪሴ ነው፣ ላውጣ?" ሳትሉ እጃችሁን ወደ ጋቢው ውስጥ አትስደዱ። እሱም መሣሪያ ይዟል፤ ከጋቢ ሥር ምን እንደሚወጣ በምን ያውቃል? አውጣ ካላችሁ በኋላ በዝግታ አውጡ። ካዝናውን ንቀል ካለም ሳታጉረመርሙ ንቀሉ።

ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልሉ፤ የደጋ ዝናብ ያራሰው ማኅተም አይነበብም። ጥፋት አለባችሁ ካለ ተራራ ላይ ክርክር አትግጠሙ፤ አብራችሁት ወርዳችሁ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አስረዱ።