ሦስት ቀይ፣ ሦስት ጥቁር፣ ከዚያ 27

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ሥራዬ ሴራሚክ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስንት ኩሽናና መታጠቢያ ቤት እንደሠራሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከሥራ ስወጣ ልብሴን ቀይሬ ስኑከር ልጫወት እሄዳለሁ። አራት ዓመት ሆነኝ።

ያደግኩት በፑል ነው። በእኛ ሰፈር ፑል የሌለበት ቅያስ የለም። ስኑከር ግን በአካባቢያችን የማውቀው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው፣ ፎቅ ላይ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሜዳ መሰለኝ። መጫወቻው ብቻ 3.57 ሜትር በ1.78 ሜትር ነው። ኳሶቹ ደግሞ ትናንሾች ናቸው፣ 52.5 ሚሊ ሜትር። የፑል ቀዳዳ ይቅር ይላል፤ ጠርዝ የነካ ኳስ እንኳ ተንከባሎ ይገባል። የስኑከር ቀዳዳ አፉ ክብ ነው። ትንሽ ከሳትክ ኳሷን ወዲያና ወዲህ ያላትምና ይተፋታል። ፑል ላይ ጎበዝ የነበርኩት ሰውዬ እዚህ ስመጣ ለወራት ከ12 ነጥብ በላይ በአንድ ተራ መሰብሰብ አቃተኝ።

አሁን ከ40 በላይ ብሬክ (ሳትስት በአንድ ተራ የምትሰበስበው ነጥብ) ሠርቼ መውጣት ብርቅ አይደለም። እዚህ ያደረሰኝን ነው የምጽፈው። አሠልጣኝ ለሌለው፣ ጠረጴዛ በሰዓት ለሚከራይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚጫወት ሰው።

ከመምቻው እንጀምር። የቤቱን እንጨት ተጠቅመህ መማር ትችላለህ፤ ግን ሁልጊዜ አንዱን ብቻ ያዝ። እኔ የራሴን ስገዛ ተሞኝቻለሁ። ሻጩ «ቀጥ ያለ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ሳንከባልለው ጫፉ ብድግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት አንከባልለው። ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ጠፍጣፋ ከሆነች በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ ጉልላት አስይዛት። ጠፍጣፋ ቆዳ ከመሃል ዝቅ ብለህ ስትመታ ያንሸራትትሃል። ጠመኔውንም አትርሳ፣ በየምቱ ቀባ አድርግ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ክንድ።

እኛ ግድግዳ ስንሠራ ቱምቢ እናወርዳለን። ክሩ ላይ የተንጠለጠለው ብረት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ አይዋሽም። ከክርንህ በታች ያለው ክንድህ ልክ እንደዚያ ነው መንጠልጠል ያለበት። የመምቻው ጫፍ ነጯን፣ የምትመታበትን ኳስ፣ በሚነካበት ቅጽበት ክንድህ ወደ መሬት ቀጥ ያለ ይሁን። እንጨቱን በጣም ወደ ኋላ ከያዝከው ጫፉ ነጯ ጋ ሳይደርስ መነሳት ይጀምራል። በጣም ወደ ፊት ከያዝከው ምቱ ያጥርብሃል። ጓደኛህን ከጎን ቆሞ ስልክ እንዲቀርጽህ ጠይቀው። ቪዲዮውን ነጯ በምትነካበት ቦታ ላይ አቁመው። ክንድህ ቱምቢ ካልሆነ እጅህን ሁለት ሦስት ጣት ያህል አንሸራተህ እንደገና ሞክር። በአንድ ምሽት የሚስተካከል ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን ዓመታት ሳያየው ያልፋል።

አያያዙ ደግሞ ልል ይሁን። ቡና የሞላበት ትኩስ ሲኒ እንዴት ነው የምትይዘው? እንዳይወድቅ ያህል ብቻ ነው፤ አትጨብጠውም። እንጨቱንም እንደዚያ። የጨበጥክ እንደሆነ ክንድህ ይገተርና ምቱ ወደ ጎን ይሄዳል።

አቋቋም ላይ ብዙ አልልም። ቀኝ እጅ ከሆንክ ቀኝ እግርህ በምቱ መስመር ላይ ይቁም፣ ግራው ትንሽ ይታጠፍ። ቆመህ መስመሩን አይተህ በዚያው መስመር ላይ ውረድ። ከወረድክ በኋላ አቅጣጫ መቀየር የለም። ተሳስቻለሁ ካልክ ተነስና እንደገና ውረድ። አገጭህ እንጨቱን ይንካ፣ ደረትህም ይንካው። የፊት እጅህ ጣቶች ጨርቁን ቆንጠጥ አድርገው ይያዙ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጎዳኝ ጭንቅላቴ ነው። ጠረጴዛውን የሚጠብቁት ሰውዬ በወጣትነታቸው ከረንቡላ የተጫወቱ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን አንድ ቀላል ጥቁር ስስት አይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ስትመታ ቀና የምትለው ምን ልታይ ነው?»

«መግባቱን ነዋ፣ ጋሼ።»

«ድምፁን ትሰማው የለ እንዴ? ዝም ብለህ ተኛ።»

ስልኬን ሃይላንድ ላይ አስደግፌ ቀረጽኩት። እውነትም ነጯ ገና ሳትነካ ጭንቅላቴ ተነስቷል። ጭንቅላት ሲነሳ ትከሻ ይነሳል፣ ትከሻ ሲነሳ እንጨቱ ይዞራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ፦ ኳሷ ቀዳዳ ውስጥ ስትወድቅ እስክሰማ ድረስ አገጬ ከእንጨቱ ላይ አይነሳም። ብትስትም እንኳ ጠርዙን መትታ ስትመለስ እስክሰማ እጠብቃለሁ።

ሌላው ማቆም ነው። ሦስት አራት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ታወዛውዛለህ። መጨረሻ ላይ ወደኋላ ስትስብ ቀስ ብለህ ሳብና እዚያው ቁም፣ «አንድ» እስክትል ድረስ። ዓይንህ በዚያች ቆይታ ውስጥ ከነጯ ወደምትመታት ኳስ ይሻገር። ከዚያ በለው። ሰዎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ወደኋላ ሲስቡ እየሮጡ ይስባሉ፣ ሳይቆሙም ይመልሱታል።

ቤት ውስጥ ያለ ጠረጴዛ የምትሠራው ልምምድ አለ። ባዶ ሃይላንድ በጎኑ አስተኛ፣ አፉ ወደ አንተ ይዙር። እንዳይንከባለል ሁለት መጽሐፍ ጎንና ጎኑ አድርግ። መምቻውን አፉን ሳትነካ አስገብተህ አውጣ። መጀመሪያ ቀስ፣ ኋላ በምት ፍጥነት። ፕላስቲኩ ድምፅ ካሰማ ምትህ ጠማማ ነው ማለት ነው። እኔ መብራት በጠፋባቸው ምሽቶች በሻማ ሠርቼዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የተሰመረ ሲባጎ አለልህ። ቡኒው፣ ሰማያዊው፣ ሮዙና ጥቁሩ የሚቀመጡባቸው ነጥቦች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናቸው። ኳሶቹን አንሳና ነጯን ቡኒው ነጥብ ላይ አድርግ። በሦስቱ ነጥቦች ላይ እንድታልፍ መሃሏን ምታት። ጥቁሩ ያለበትን ጠርዝ ነክታ በዚያው መስመር ተመልሳ የመምቻህን ጫፍ መንካት አለባት። ወደ ቀኝ ከወጣች ሳታውቀው ቀኟን ነው የመታሃት። እኔ ሰዓቱን የምጀምረው በዚህ ነው፣ አሥር ጊዜ። ስድስቱ ካልተመለሱልኝ ወደ ጨዋታ አልገባም።

አሁን ብሬክ። ኳስ ማግባትና ብሬክ መሥራት አንድ አይደሉም። ፑል ቤት ያደግን ሰዎች አንዷን ኳስ በሚያምር ምት አግብተን ነጯ የትም ትሂድ እንላለን። ስኑከር ላይ ግን ነጯ ናት ጨዋታው። እንግሊዛዊው የስኑከር ተጫዋች ሮኒ ኦሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1997 በሼፊልድ 147ን፣ ማለትም ሙሉውን ብሬክ፣ የጨረሰው በ5 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። ያንን ተራ ስታይ ዓይንህን ነጯ ላይ ብቻ አድርግ። ብዙውን ጊዜ ጥቁሩ አካባቢ አጭር አጭር መንገድ ነው የምትሄደው። ፍጥነቱ የመጣው ከዚያ ነው፤ ለሚቀጥለው ኳስ ሩቅ አይሄድም።

ነጯን ለማዘዝ ስኳድራ፣ ያ የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያችን፣ ይበቃሃል። ነጯ ሳትንከባለል፣ እየተንሸራተተች ሌላ ኳስ በጎን ስትመታ ከተመታችው ኳስ መንገድ በ90 ዲግሪ ነው የምትለየው። ልክ የሴራሚክ ማዕዘን። ይህን ካወቅክ ከመውረድህ በፊት ስኳድራውን በሐሳብህ ጨርቁ ላይ ታስቀምጣለህ፦ አንዱ ክንድ ኳሷ ወደምትገባበት ቀዳዳ፣ ሌላው ነጯ ወደምትሄድበት። ከመሃል ከፍ ብለህ ከመታህ ነጯ ከስኳድራው ወደ ፊት ትታጠፋለች። ዝቅ ብለህ ከመታህ ወደ ኋላ ትሰበሰባለች። አንድ ነገር ልብ በል፦ ጨርቁ ነጯን በመንገድ ላይ ማንከባለል ይጀምራል። ስለዚህ ኳሷ ሩቅ ስትሆን፣ ስኳድራውን ለማግኘት ከመሃል ትንሽ ዝቅ ማለት አለብህ። በቀረበች ቁጥር ወደ መሃል ትመለሳለህ። ጎን መምታቱን ለጊዜው ተወው። ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ብቻ መትተህ 30 መሥራት ሳትችል ጎን ከጀመርክ የምትስትበትን ምክንያት ማወቅ አትችልም።

ልምምዱ ቀላል ነው። ሰማያዊውን ነጥቡ ላይ፣ ነጯን ደግሞ ከማዕዘን ቀዳዳ ጋር ቀጥታ እንድትሆን አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። አግባውና ነጯ ሰማያዊው በነበረበት ላይ ድርቅ ብላ ትቅር። አሥር ጊዜ። ቀጥታ ኳስ ላይ ነጯ ወደ ጎን ከሸሸች ክንድህን እንጂ ነጯን አትውቀስ።

ጥቁሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ነጥብ ያለው እዚያ ነውና፦ ከእያንዳንዱ ቀይ በኋላ አንድ ባለቀለም ታገባለህ፤ ቀይ 1 ነጥብ ነው፣ ጥቁር 7። የጥቁሩ ቦታ ከጠርዙ 32.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ከማዕዘኑ ቀዳዳ በጥቁሩ መሃል አልፎ ወደ ሌላው ጎን የሚሄድ መስመር አስብ። ነጯ በዚያ መስመር ላይ ከተኛች ቀጥታ ነህ። ቀጥታ ደስ ይላል፣ ግን ነጯ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሄደው፤ ቀዮቹ ጎን ላይ ሆነው ይቀሩብሃል። ከመስመሩ ወደ ሮዙ በኩል ትንሽ ከወጣህ፣ ጥቁሩን ስታገባ ነጯ ጠርዙን ነክታ ትመለሳለች። ወደ ጠርዙ በኩል ከሆንክ ጠርዝ ሳትነካ በቀጥታ ወደ ቀዮቹ ትወጣለች። ስለዚህ ቀዩን ስትመታ «ጥቁሩ ጋ ልድረስ» ማለት አይበቃም። በየትኛው ወገን እንደምትቀር ወስነህ ነው የምትወርደው። እኔ ይህን የገባኝ ቀን ብሬኬ ከ16 ወደ 30ዎቹ ዘለለ።

ለልምምድ 15 ቀይ አትደርድር፤ ተስፋ ያስቆርጣል። ሦስት ቀይ ብቻ ውሰድ። በሮዝና በጥቁር መካከል ዘርዘር አድርገህ አስቀምጣቸው፣ ስድስቱን ባለቀለም ደግሞ ቦታቸው ላይ። ነጯን በእጅህ የፈለግክበት አድርግ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር። ጥቁሩ በገባ ቁጥር ወደ ቦታው ይመለሳል። 24 ሆነ። ከዚያ ከቢጫ እስከ ጥቁር በተራ ስታጸዳ፣ ከ2 እስከ 7 ነጥብ፣ 27 ነው። 51! ሁሉም ሰው 50 ብሬክ ሲባል ሰማይ ያደርገዋል። አሥራ ሁለት ምት ነው፣ አብዛኛውም ቅርብ።

መጨረሻዋ ጥቁር ላይ ለቢጫው ማሰብ እንዳትረሳ። ነጯ መላውን ጠረጴዛ አቋርጣ መምጣት አለባት፤ ብዙ ሰው 24 ላይ የሚቆመው እዚያ ነው። ቢጫና አረንጓዴ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚራራቁት፣ ቡኒው መካከላቸው ነው። ቢጫው ጋ በደህና ከደረስክ ሦስቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ቡኒው ላይ ግን ቀጥታ አትሁን። ትንሽ አንግል አስቀር፣ ነጯ የጎኑን ጠርዝ ነክታ ወደ ሰማያዊው እንድትወጣ። ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ጥቁር ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ ናቸው።

አንድ ጊዜ ከሳትክ ኳሶቹን መልሰህ እንደገና ከመጀመርያው። ከሳትክበት ቦታ መቀጠል ያዘናጋል። ደብተር ይኑርህ። የኔ ትንሽ ናት፣ የሴራሚክ ልኬት የምጽፍባት። በአንድ ገጽ ካሬ ሜትር፣ በሌላው ገጽ «24፣ 9፣ 29፣ 16»። የት እንደሳትክም ጻፍ። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ሳየው ግማሹ ቡኒ ላይ ነበር የቆመው። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ቡኒና ሰማያዊ ብቻ ሠራሁ።

ስለ ጨርቁም ላንሳ። የእኛ አካባቢ መንገዱ ገና እየተሠራ ስለሆነ አቧራው በመስኮት ይገባል። የጨርቁ ጠጉር ከቢጫው ጫፍ ወደ ጥቁሩ ጫፍ ነው የተኛው። መቦረሽም በዚያው አቅጣጫ ነው። ቀስ ብለህ በጠጉሩ ተቃራኒ የምትልካት ኳስ መጨረሻ ላይ ልትታጠፍ ትችላለች። ኳስ ላይ የተጣበቀ ጠመኔና አቧራም ምቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ጋሼን ብሩሹን ጠይቄ ራሴ እቦርሻለሁ፤ ኳሶቹንም በንጹህ ጨርቅ አብሳለሁ። አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሰዓት ምረጥ። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከኋላህ ቆሞ አትለማመድም። እኔ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እሄዳለሁ፣ ቤቱ ሲከፈት። መስመሩ ላይ አሥር፣ ሰማያዊው ላይ አሥር፣ የቀረው ጊዜ ሦስቱ ቀይ። ባለፈው እሁድ ሮዙ ድረስ ሄጄ ጥቁሩን ብቻ ሳትኩ። 44። ደብተሩ ላይ አጠገቡ «ቀና አልኩ» ብዬ ጻፍኩበት።