የካልሲየምን ሥራ በባቄላ ቅጠል ላይ እንዴት ማየት ይቻላል

የቅጠልን እያንዳንዷን ቀዳዳ ሁለት ጠባቂ ሕዋሳት ግራና ቀኝ ይዘዋታል። ውሃ ሲሞሉ ትከፈታለች፣ ሲልፈሰፈሱ ትዘጋለች። የመዝጊያውን ትእዛዝ ከሚያደርሱት አንዱ ካልሲየም ነው። የሚገባበት ቻናል፣ ማለትም በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለው ጥቃቅን መተላለፊያ፣ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ውጤቱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ባቄላ ዘርታችሁ ቅጠል ሲያወጣ ውሃ ሳይጠማው ተጠቀሙበት። በአንድ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ 3.7 ግራም ፖታሺየም ክሎራይድ አሟሙና ለሁለት ክፈሉት። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ራሱ ካልሲየም ስላለበት ማነጻጸሪያውን ያበላሻል። የሚያስፈልገው ካልሲየም በጣም ትንሽ ስለሆነ በወጥ ቤት ሚዛን በቀጥታ ለመመዘን አትሞክሩ። 1.5 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ዳይሃይድሬት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡና ከዚያ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ በአንደኛው ግማሽ ሊትር ላይ ጨምሩ።

ፈተናው ቅጠሉን መግፈፍ ነው። የቅጠሉን ፊት በምላጭ በስሱ ጫር አድርጉና ወደ ኋላ እጠፉት፤ የጀርባው ስስ ሽፋን ሳይቆረጥ ይቀራል። እሱን በወረንጦ ይዛችሁ፣ ወደ ላይ ሳይሆን ከቅጠሉ ጋር አግድም፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ውሃ መስሎ መውጣት አለበት። አረንጓዴ ከተከተለው ጣሉት። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ጎረቤቶቹ ሕዋሳት ባዶ መስለው፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ በጠባቂዎቹ ውስጥ ብቻ ከታየ ጥሩ ገፋችኋል። የጥፍር ቀለም ቀብቶ ማንሳት ይቀላል፤ ነገር ግን የሚያስቀረው አሻራ ነው፣ አሻራ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

የተገፈፈውን የውስጥ ጎኑን ወደ ታች አድርጋችሁ በፖታሺየሙ ብቻ ላይ አንሳፉት። ብርሃን ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ግማሾቹን ወደ ካልሲየሙ አዛውሩና ከአንድ ሰዓት በኋላ በ400 እጥፍ አጉልታችሁ የቀዳዳዎቹን ስፋት ለኩ። ከእያንዳንዱ ወገን ሠላሳ ያህል ቀዳዳ ይበቃል፤ የሚያምሩትን ብቻ እየመረጡ መለካት ግን ራስን ማታለል ነው።

በካልሲየሙ ያሉት ጠበው ታገኛላችሁ። በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ነጻ ካልሲየም ከውጭው እስከ አሥር ሺህ እጥፍ ስለሚያንስ፣ ቻናሉ ሲከፈት ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 እንደተገኘው ስላክ1 (SLAC1) ያሉትን የክሎራይድ መውጫ ቻናሎች ያነቃል፤ ክሎራይድ ሲወጣ የሕዋሱ ሽፋን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ይለወጣል፣ ፖታሺየም ይከተላል፣ ውሃም ይከተላል። በድርቅ ጊዜ አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን የሚያስነሣው ይህንኑ ሰንሰለት ነው።

ላንታነም ክሎራይድ ካገኛችሁ ሦስተኛ ሳህን ጨምሩ፤ የካልሲየም ቻናሎችን ይደፍናል። ሌሎች ቻናሎችንም ስለሚነካ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።